ይሉኝታ የማያውቀው ጡንቻ

ሙያዬን የሚጠይቁኝ ሰዎች «ኦዲዮሎጂስት ነኝ» ስላቸው ግማሾቹ ራዲዮ ጣቢያ የምሠራ፣ ግማሾቹ ደግሞ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የማከራይ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ሥራዬን ላስረዳ። እኔ የሰውን የመስማት ችሎታ የምመረምር፣ መስማት ለተሳነው ሰውም መሣሪያ የማስተካክል ባለሙያ ነኝ። ከማስተካክላቸው መሣሪያዎች አንዱ ኮክሌር ኢምፕላንት ይባላል። የመሣሪያው ግማሽ ክፍል በቀዶ ሕክምና ከጆሮ ጀርባ፣ ከቆዳ በታች ይቀበራል። ከእርሱ የሚወጣ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይዘልቃል፤ በሽቦው ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ኤሌክትሮዶችም የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳሉ። ሌላው ግማሽ ከውጭ ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ በማግኔት ከራስ ቅል ጋር ይያያዛል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ገና መስማት አይጀመርም። ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ሁለት ወሰን በኮምፒውተር መበጀት አለበት፤ አንዱ ሰውየው ድምፁን መስማት የሚጀምርበት፣ ሌላው ድምፁ ሳይረብሸው የሚቆምበት። ወሰኖቹ ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው ጆሮም ውስጥ ከኤሌክትሮድ ኤሌክትሮድ ይለያያሉ። ዝቅ ካሉ ንግግር ሹክሹክታ ይሆናል፤ ከፍ ካሉ ደግሞ የሰሐን ኳኳታ እንደ መብረቅ ይወርዳል። እነዚህን ወሰኖች ለማግኘት የተለመደው መንገድ ታካሚውን መጠየቅ ነው። ድምፅ እንልካለን፤ «እንዴት ነው?» እንላለን፤ የመለሰልንን እንመዘግባለን።

ይህ የማወጋችሁ ነገር ሲያጋጥመኝ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ ሥራ ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴን መያዜ ነው። ክራባት ሳላስር ከቤት አልወጣም፤ ያነበብሁትን ሁሉ በጠንካራ ልባስ ደብተር እጽፋለሁ፤ በተራ ወግ መካከልም «በመሠረቱ» እና «ከዚህ አንጻር» የሚሉ ቃላት ሳላስበው ይወጡኛል። ታካሚዎች አዲስ አበባ ድረስ እንዳይንገላቱ በማለት በየሁለት ወሩ ወደ ተወለድሁባት ወደ ደብረ ብርሃን እየሄድሁ በአንድ ሆስፒታል በተሰጠኝ ክፍል እሠራ ነበር። እዚያ የምታግዘኝ ነርስ ሲስተር አስካለ ትባላለች፤ ከእናቴ በጥቂት ዓመት ብታንስ ነው። ክራባቴን ባየች ቁጥር «ክቡርነትዎ ደርሰዋል!» እያለች ኮሪደሩን ታስቀው ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደ ልማዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቶቼን ያደነዝዛል። የመጀመሪያው ባለ ቀጠሮዬ ከአንኮበር የሚመጡት ጋሽ ይፍሩ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ቁመታቸው የረዘመ፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ዛሬ የታጠበ የሚመስል ሰው ናቸው። በአንኮበር ዙሪያ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ስማቸው የታወቀ ሽማግሌ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት የማጅራት ገትር ሕመም ይዟቸው ነፍሳቸው ተረፈች፤ ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ግን ጸጥ አሉ። በቀኝ ጆሮአቸው ኢምፕላንቱ ከገባ አምስት ወር ሆኖታል። መሣሪያውን ሦስት ጊዜ አስተካክዬላቸዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ደህና ነው ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ሄደዋል። በፋይላቸውም ላይ «ታካሚው እጅግ ተባባሪ ናቸው» ብዬ ጽፌ ነበር።

ልጃቸው ወይዘሮ ዘነበች አባቷን ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ዶክተር አይደለሁም፤ ኦዲዮሎጂስት ነኝ።»

«እሺ ዶክተር። አባባ ዛሬ የመጡት መሣሪያውን ሊያስረክቡህ ነው።»

«ማስረከብ ሲባል?»

«ለሌላ ሰው ስጡት ሊሉህ ነዋ! የተቀበረውንም ብታወጡት ደስታቸው ነው። እሑድ ደግሞ ሽምግልና አለ። ሁለት ወንድማማቾች በምንጭ ውኃ ተጣልተው አካፋ እስከ መማዘዝ ደርሰዋል። እዚያ ጉባኤ ላይ ተነሥተው ‹ከእንግዲህ ከሽማግሌ አትቁጠሩኝ› ሊሉ ነው።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ለክብራቸው ሲባል እያስቀመጧቸው፣ ሰው ሲስቅ እየሳቁ፣ ሰው ሲያዝን እያዘኑ ቆይተዋል። አሁን ግን ‹ለጌጥ አልቀመጥም› አሉ። ያንን ቦታ ከለቀቁ አባቴን አላውቃቸውም፤ አልጋ ላይ ነው የሚውሉት።»

ደነገጥሁ። «ነገር ግን በየቀጠሮው በግልጽ ጠይቄአቸዋለሁ። ደህና ነው ብለውኛል።»

«ለአንተ ነዋ! ከዚህ ግቢ እንደወጡ አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። ‹ጭንቅላቴ ውስጥ ጥሩምባ ይነፋብኛል› ይላሉ።»

ቆፍጠን ብዬ መለስሁላት። «ወይዘሮ ዘነበች፣ በእኛ ሙያ ቀዳሚው ማስረጃ የታካሚው የራሱ ቃል ነው። ዛሬም በጥንቃቄ እጠይቃቸዋለሁ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ቤት አላደግህም መሰለኝ» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ክብሬ አልፈቀደልኝም።

ከዘነበች ጋር ክፍሉ ውስጥ ስገባ ጋሽ ይፍሩ ብድግ ብለው ሁለት እጄን ያዙ። መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። በዚህ ጊዜ ታካሚው የሚሰማው እኔ የምልከውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ የምንነጋገረው በጽሑፍ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው ሰው ስለሆኑ ማንበብ አይቸግራቸውም። ፊት ለፊታቸው አምስት ቃላት የተጻፉበት ካርቶን አኖርሁ፤ «አይሰማም፣ በስሱ ይሰማል፣ ደህና ነው፣ በዛ፣ ያማል።» ድምፅ ስልክ በጣታቸው ያመለክታሉ።

ላክሁ። «ደህና ነው» ላይ አመለከቱ። ከፍ አደረግሁ። «ደህና ነው።» ጨመርሁ። ጣታቸው አልተነቃነቀም። ዓይናቸው ጥቂት ውኃ አቀረረ፤ ብርዱ ነው ብዬ አለፍሁት። ዝቅ ሳደርግ ደግሞ «በስሱ ይሰማል» ላይ ያመለክታሉ። መልሳቸው ሁሉ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ የተስተካከለ ነበር። በውስጤ ዘነበችን ተከራክሬ ረታኋት።

በዚህ መካከል የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ልትወስድ ገባች። ጋሽ ይፍሩ ከወንበራቸው ከፍ ብለው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጧት። እኔም ከዚያ በኋላ ሥራዬን ቀጠልሁ። ሰባት ድምፅ ላክሁ፤ ለአምስቱ «ደህና ነው»፣ ዝቅ ላደረግኋቸው ለሁለቱ «በስሱ ይሰማል» አሉ። ሰባቱንም መዘገብሁ።

ሲስተር አስካለ ፋይል ይዛ ገባችና ከበሩ ላይ ቆመች።

«ክቡርነትዎ፣ ይሄ ማግኔት የምትሉት ነገር ሥራው ጋቢ ላይ ነው እንዴ?»

ቀና አልሁ። ማግኔቱ ከጋሽ ይፍሩ ራስ ላይ ወድቆ በጋቢያቸው እጥፋት ላይ ተንጠልጥሏል። ለጽዳት ሠራተኛዋ ሲነሡ ነው የወደቀው። በኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይበራ ነበር፤ እኔ ግን የምመለከተው የእሳቸውን ፊትና የራሴን ደብተር ነበር። ጋሽ ይፍሩ ሰባቱንም ድምፅ ሊሰሙ የሚችሉበት አንዳችም መንገድ አልነበረም።

ፊቴ ጋለ። ወረቀት ስቤ ጻፍሁ። «ጋሽ ይፍሩ፣ ማግኔቱ ወድቆ ነበር። ታዲያ ምን ሰሙ?»

አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያም እጁ ማር ማሰሮ ውስጥ እንዳለ እንደተያዘ ልጅ ፈገግ አሉ።

«ተያዝሁ» አሉ፤ መስማት እንደተሳነው ሰው ሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ። «አንተ ቁልፉን ስትነካ ቅንድብህ ትነሣለች። ድምፁን ስትጨምር ከንፈርህን ትነክሳለህ። ስትቀንስ ደግሞ ትንፋሽህን ታወጣለህ። ዕድሜዬን ሙሉ የከሳሽና የተከሳሽ ፊት ሳነብ የኖርሁ ሰው ያንተ ያቅተኛል?»

«ለምን?» ብዬ ጻፍሁ።

«ለምን ይላል እንዴ! ይሄን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለህ መጥተህ፣ ደክመህ፣ ‹አልሰማሁም› ብዬ ላሳፍርህ? ሰው ቤት ገብቼ ጨው በዛ ብዬ አላውቅም።»

«ሲበዛብዎትስ?» ብዬ ጻፍሁ።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ይበዛል። ይጮኻል። ግን ‹ደህና ነው› ስልህ ደስ ይልሃል።»

ሲስተር አስካለ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከሳቅ የተነሣ መቆም አልቻለችም። ዘነበችም «አላልሁህም?» በሚል ዓይን ታየኛለች። እኔ ግን በዚያች ሰዓት መሳቅ አልሆነልኝም። የአምስት ወር መዝገብ ፊቴ ተዘርግቷል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የጻፍሁት የጋሽ ይፍሩን መስማት ሳይሆን ጨዋነታቸውን ነበር። «ደህና ነው» ባሉ ቁጥር ልኩን ስለ ጨመርሁት፣ ሽማግሌው ጆሮአቸው ላይ በረዶ እየወረደባቸው ይመርቁኝ ነበር።

ጋሽ ይፍሩ መሣሪያውን ከጆሮአቸው አውልቀው በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። «ጥፋቱ ያንተም የዕቃውም አይደለም። ጆሮዬ ነው ያረጀው። ለወጣት ስጡት፤ በእኔ ላይ አይባክን።»

አልተቀበልሁም። «ወደ አንኮበር የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ዘነበችን ጠየቅኋት።

«በአሥር ሰዓት።»

ወረቀቱ ላይ ጻፍሁ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሡኝ። ከዚያ በኋላ ቢያስረክቡኝ እቀበላለሁ።»

አነበቡና፣ «ላንተ ስል» አሉ። ያቺ «ላንተ ስል» የምትለው ቃል ደግሞ ይበልጥ አሳፈረችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ያልነገርኋችሁ ነገር አለ። በዚህ ሙያ ታካሚውን ሳይጠይቁ ወሰኑን የሚያገኙበት መንገድም አለ። መናገር የማይችሉ ሕፃናት ኢምፕላንት ስለሚገባላቸው፣ ከአንደበታቸው ይልቅ ሰውነታቸውን መጠየቅ ግድ ነው። በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ መሣሪያውም በሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ለሚናገር አዋቂ ሰው ምን ያስፈልጋል ብዬ ሻንጣው ውስጥ ትቼው ነበር።

መጀመሪያ ነርቩን ጠየቅሁት። የተቀበረው መሣሪያ ራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይልክና ነርቩ የሚሰጠውን ምላሽ መልሶ ይለካል። ምላሹም በኮምፒውተሩ ላይ ወርዶ እንደሚወጣ መስመር ሆኖ ይታያል። የመጀመሪያውን ኤሌክትሮድ አስነሣሁ። መስመሩ ዝቅ ብሎ ወጣ።

ዘነበች ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ይሄ የጎበጠው ምንድን ነው?»

«የአባትዎ ነርቭ የመለሰው መልስ ነው።»

«ማለት… ሕያው ነው?»

«ሕያው ነው። ጆሮአቸው አላረጀም።»

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እስከ መጨረሻው ያሉት ሁሉ መለሱ። ዘነበች በጣቷ እየቆጠረች በእያንዳንዱ ላይ «ተመስገን» ትላለች። ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃኝም ነበር። ነርቩ መመለሱን ይነግረኛል እንጂ ድምፁ በየትኛው ልክ ላይ ከምቾት ወደ ጭንቀት እንደሚሻገር በትክክል አያሳየኝም። ለዚያ የሚሆነው ሌላኛው ምስክር ነው።

በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ የምታንስ አንዲት ጡንቻ አለች። ብርቱ ድምፅ ሲመጣ ጆሮን ለመከላከል ራሷ ትኮማተራለች። በአንዱ ጆሮ የተሰማ ድምፅ የሁለቱንም ጆሮ ጡንቻ ያኮማትራል። ስለዚህ በቀኝ ጆሮ በኢምፕላንቱ በኩል ድምፅ እየላክሁ፣ በግራ ጆሮ በገባች ትንሽ ለስላሳ መሰኪያ ጡንቻዋን መከታተል እችላለሁ። ጡንቻዋ የምትኮማተርበት ልክ ለላይኛው ወሰን ጥሩ መሪ ነው። ይህን ሁሉ በአጭሩ ጽፌ ለጋሽ ይፍሩ ሰጠኋቸው።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሄ ጡንቻ የእኔ ነው?»

ራሴን ነቅንቄ «አዎ» አልሁ።

«ሳያስፈቅደኝ ይናገራል?»

አሁንም ነቀነቅሁ።

«ባለጌ ጡንቻ!»

መሰኪያውን በግራ ጆሮአቸው አስገባሁ። የጡንቻዋን እንቅስቃሴ የሚያሳየው መስመር ግን ሞተ። አውጥቼ በሌላ መጠን ሞከርሁ፤ እንደገና ሞተ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። የጆሮ መመልከቻ መብራቱን አንሥቼ ወደ ውስጥ አየሁ፤ አንድ አረንጓዴ ነገር አየሁ።

«ሲስተር፣ እስቲ ይዩልኝ። ይህ ምንድን ነው?»

ሲስተር አስካለ አየች፤ መቆንጠጫዋን አነሣች፤ ቀስ ብላ ጎተተች። ተጠቅልሎ የተጠቀጠቀ ጤና አዳም ወጣ። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«የማን እርሻ ነው ይሄ?» አለች ሲስተር።

ዘነበች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ባለፈው ሳምንት ነው… አንዱ ጆሮ እንኳ ቢከፍትላቸው ብዬ…»

ጋሽ ይፍሩ ቅጠሉን ተቀብለው አገላበጡት። «እኔማ ሲኮሰኩሰኝ ነው የሰነበተው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» ብላ ዘነበች በእጇ ምልክት ጠየቀቻቸው።

«ደክመሽበት የለ እንዴ! ላሳፍርሽ?»

ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። ክራባቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትሁ፤ ሲስተር አስካለ «ክቡርነትዎ ሥልጣን ለቀቁ!» ብላ አወጀች።

ሲስተር ጆሮውን አጽድታ ከጨረሰች በኋላ መሰኪያው በትክክል ገባ፤ መስመሩም ሕይወት ዘራ። ነገር ግን በዚህ ምርመራ ጊዜ መናገር፣ መዋጥ፣ መነቃነቅ ክልክል ነው፤ መስመሩን ያናውጠዋል። ጋሽ ይፍሩ ደግሞ ድምፅ በላክሁ ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። መስመሩ ይዘላል። ደግሜ እልካለሁ፤ «ዕድሜ ይስጥህ» ይላሉ፤ መስመሩ ይዘላል። በመጨረሻ በትልቁ ጻፍሁ። «እስክጨርስ ድረስ እባክዎ አይመርቁኝ።»

ዘነበች አንብባ፣ «አባባን ‹አይመርቁ› ያላቸው ሰው፣ ከተፈጠሩ ወዲህ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለች።

ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ። ከዝቅተኛው ልክ ጀመርሁ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ቀረ። አንድ ደረጃ ጨመርሁ፤ ቀጥ። ሌላ ደረጃ፤ ቀጥ። ሌላ። ከዚያ መስመሩ ዝቅ አለና ድምፁ ሲቆም ተመለሰ። እርግጠኛ ለመሆን ደገምሁት። ድምፁ ሲሄድ ይጎብጣል፤ ሲቆም ይቃናል። የጋሽ ይፍሩ ፊት ላይ ምንም አልነበረም፤ ልክ እንደ ጠዋቱ ለማስደሰት የተዘጋጀ የተረጋጋ ፊት ነው። ከዚያ ፊት ጀርባ ግን ያቺ ትንሽ ጡንቻ «በቃኝ!» እያለች ነበር። ልኩንም አየሁ። ጠዋት «ደህና ነው» ካሉት እጅግ በታች ነው።

ኤሌክትሮዱን ቀየርሁ። እንደዚያው ሆነ። የብዙዎቹ ወሰን ከልኩ በላይ ተሰቅሎ ነበር። በቀጫጭን ድምፆች በኩል ያሉ ጥቂቶቹ ደግሞ ተቃራኒው ሆነው ተገኙ፤ ጡንቻዋ ከምትናገርበት ልክ እጅግ ዝቅ ተደርገው ነበር። ማለትም ጋሽ ይፍሩ ወፍራሙ ድምፅ እየነጎደባቸው፣ ቃልን ከቃል የሚለየው ቀጭኑ ድምፅ ሳይደርሳቸው ኖረዋል።

«እንግዲህ አምስት ወር ሙሉ» አለች ሲስተር አስካለ ወደ ስክሪኑ እያየች፣ «ሰውየውን ስትጮህባቸው ነው የቆየኸው?»

«አዎ» አልሁ። ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሶቹን ወሰኖች ጨረስሁ። ላይኛዎቹን ጡንቻዋ ከተናገረችበት ጥቂት ዝቅ አደረግኋቸው፤ ጠቅላላ ድምፁንም ቀንሼ ጀመርሁ። መሣሪያውን ልከፍተው ስል ጋሽ ይፍሩ የወንበሩን እጀታ ጨብጠው ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ፤ ዱላ የሚጠብቅ ሰው ይመስሉ ነበር። ለካ በየቀጠሮው እንዲህ ያደርጉ ኖሯል፤ እኔ ግን የአቀማመጥ ልማድ መስሎኝ ልብ ብዬው አላውቅም።

ከፈትሁ። ቀስ በቀስ ጨመርሁ። ትከሻቸው በጥቂት በጥቂቱ ወረደ። እጀታውን ለቀቁት።

የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ፊቴን ማሸሽ። ከጀርባቸው ዞሬ ቆምሁ። «ይሰማዎታል?» ብዬ እንዳልጠይቅ ተጠነቀቅሁ፤ እሱ በግምት ይመለሳል። በተራ የንግግር ድምፅ፣ «ጋሽ ይፍሩ፣ ዛሬ ጠዋት አንኮበር ላይ ጉም ነበር?» አልሁ።

አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ። ደግሜ ጠየቅሁ።

«አንኮበር… ምን ነበር?» አሉ።

«ጉም ነበር ወይ?»

«ጉም!» ጭናቸውን መቱ። «ጉምማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነው ያመጣን። ግን አንተ ልጅ፣ ድምፅህ የቆርቆሮ ነው እንዴ?»

ዘነበች እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ ይፍሩ እጃቸውን አንሥተው፣ «ኧረ በዛ! ቀስ በይ፣ በዛ!» ብለው ጮኹባት።

በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «በዛ» አሉ። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሲስተር አስካለ እያለቀሰች ነበር የምትስቀው። ዘነበች አባቷ ፊት ተንበርክካ በሹክሹክታ ያህል «አባባ» አለቻቸው። «አቤት» አሉ። «አባባ» አለች። «አቤት ብያለሁ እኮ፤ ምነው?» አሉ። እሷ ግን ምንም የምትለው አልነበራትም፤ ያንኑ ደግማ ጠራቻቸው።

ሲሰናበቱኝ መሣሪያውን አላስረከቡኝም። «እሑድ ና» አሉኝ። «ሥራህን ቆመህ እይ።»

እሑድ አንኮበር ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአንድ ሰው ግቢ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ጉሙ እስከ አጥሩ ድረስ ወርዷል። ሁለቱ ወንድማማቾች በተቃራኒ ወገን ተቀምጠው ገና ሳይጠየቁ መጯጯህ ጀመሩ። ጋሽ ይፍሩ እጃቸውን አነሡ። «አንድ በአንድ። ሁለታችሁም ስትጮኹ ለእኔ እንደ ወፍጮ ናችሁ፤ ምንም አልለይም።» ይህን ያሉት ሳይሸማቀቁ ነው። የሰማ ሁሉ ዞር ብሎ አያቸው። ሰዉ ዝም አለ፤ ታላቅየውም ተራውን ይዞ ስለ ውኃው ቀንና ሰዓት፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ አካፋው ተናገረ። ሳይሰሙ የቀሩትን እያስደገሙ አዳመጡት።

ታናሽየው ተራው ሲደርስ አኮረፈ። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ለራሱ እንደሚናገር አንድ ነገር አጉረመረመ። አብረው የተቀመጡት ሽማግሌዎች እንኳ አላስተዋሉትም።

«ምን አልህ?» አሉ ጋሽ ይፍሩ።

«ምንም።»

«ብለሃል። ስለ እናትህ ነው ያልኸው። ድገመው።»

ልጁ ደነገጠ። «ውኃውን የሰረቅሁት… ለእናቴ ጓሮ ነው። ወንድሜ ከቤት ከወጣ ወዲህ ጎመኗ ደርቆባት ነበር። ንገረው ብላ አታውቅም፤ ታፍረዋለች።»

ታላቅየው መሬት መሬት አየ። ብዙ አልቆየም፤ ተነሥቶ ሄደና ከታናሹ አጠገብ ተቀመጠ። የውኃው ተራ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጋሽ ይፍሩም ተነሥተው የተናገሩት ምርቃት ብቻ ነበር፤ ቦታቸውን ስለ መልቀቅ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ፊት በማንበብ ቢሆን ኖሮ ወደ አጥር የዞረውን ልጅ ማን ያነበው ነበር? ይህን እያሰብሁ ጉሙ ውስጥ ቆሜ ብርዱን ረሳሁት።

ውድ አንባብያን፣ ከዚያ ሳምንት ወዲህ እኔ ሌላ ሰው ነኝ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ክራባቱንም ሰኞ መልሼ አስሬዋለሁ። ሥራዬ ግን ተለውጧል። ዛሬ ማንኛውም ታካሚ፣ ሕፃንም ይሁን የተማረ አዋቂ፣ ቃሉን ከሰጠኝ በኋላ ጡንቻውንም እጠይቃለሁ። ይህን የማደርገው ሰዎችን ስለማላምን አይደለም። በእኛ አገር ብዙ ሰው ሌላውን ከሚያሳፍር ሕመሙን ውጦ እንደሚመርቅ ስለተረዳሁ ነው። ያ ደግነት ነው፤ እኔም የኖርሁበት ደግነት ነው። ግን ሐኪም፣ መምህር ወይም አለቃ የሆነ ሰው ያንን ደግነት እንደ ማስረጃ ከመዘገበው ጉዳት ያደርሳል።

ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልነበረም ቆይቶ ገባኝ። የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ስጠይቅም የምፈልገውን መልስ ፊቴ ላይ ጽፌ ነበር። እናንተም ምናልባት ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው «ደህና ነህ?» ትሉ ይሆናል። ከመጠየቃችሁ በፊት «አይደለሁም» የሚል መልስ ለመስማት መዘጋጀታችሁን እስቲ መርምሩ። እኔ እናቴን በስልክ ስጠይቃት ለዓመታት ተዘጋጅቼ እንደማላውቅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ከባድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። የዘነበች ቁጥር ነው። ወደ ኮሪደር ወጣሁ፤ የደወሉት ግን ጋሽ ይፍሩ ነበሩ፤ እሷ ከጎናቸው ሆና ያልሰሙትን ትደግምላቸዋለች።

«ልጄ፣ ይፍሩ ነኝ። አንድ ነገር አልወደድሁም።»

«ይንገሩኝ፣ ጋሽ ይፍሩ።»

«ቀጭኑ ድምፅ ላይ እንደ ፌንጣ የሚንጫጫ ነገር አለ። ሴቶች ሲሰበሰቡ ይብሳል። አበዛኸው መሰለኝ። አስቀየምሁህ?»

«በፍጹም! በጣም ነው ደስ ያለኝ።»

«ደስ አለህ?» አሉ ተገርመው። «እንግዲያስ እስኪርቢቶ ያዝ፤ ገና ሦስት አለኝ።»